የጋሽ ደጀኔ ጣሳ

ያን ቅዳሜ ጠዋት በብሎካችን ደጅ የነበርነውን ሰዎች አንድ በአንድ ልቁጠር። እኔ ነበርኩ። ልጄ ቃልኪዳን ነበረች፤ ያኔ ሦስተኛ ክፍል ናት። የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ተሾመ ነበሩ። ምድር ቤት ሱቅ ያላት ዘሐራ የስኳር መስፈሪያዋን እንደያዘች ወጥታ ነበር። አንድ ሳጅንና አንዲት ወጣት ፖሊስ ነበሩ። በየበረንዳው ተደግፈው ቁልቁል የሚያዩ ጎረቤቶች ነበሩ፤ እነሱን በስም አልጠራም፣ ዛሬም ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። መሃል ላይ ደግሞ ቀበቷቸውን ፈትተው አፈር ላይ የተቀመጡት ጋሽ ደጀኔ ነበሩ። ባለቤቴ አልነበረም፤ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ያን ሰሞን ጅቡቲ መንገድ ላይ ነበር።

ይህን የምቆጥረው ምስክር ለመጥራት አይደለም። ከነዚያ ሰዎች ውስጥ ነገሩን ያመጣሁት እኔ መሆኔን እስከ ዛሬ የማያውቁ ስላሉ ነው።

ቤታችን ገላን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ማንበብ እችላለሁ፣ ግን በጣቴ እየተከተልኩ ነው። ከመውለዴ በፊት አቃቂ አንድ የክር ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ሠርቻለሁ። ቃልኪዳን ከሦስት ውርጃ በኋላ ያገኘኋት ልጅ ናት። እሷን ካገኘሁ ወዲህ ሥራዬ መፍራት ሆነ ብል ማጋነን አይሆንም። የጋዙን ቁልፍ ሁለቴ አያለሁ። በሩን ቆልፌ ደረጃውን ከወረድኩ በኋላ ተመልሼ እገፋዋለሁ። ልጄ ታች ስትጫወት ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ዓይኔን አልነቅልም። ዘሐራ፣ «አንቺ ሴት፣ መጋረጃውን በዓይንሽ ጨረስሽው እኮ!» እያለች ትስቅብኝ ነበር።

ጋሽ ደጀኔ አራት ወር ቀደም ብለው ምድር ቤት ያለችውን ስቱዲዮ ተከራይተው ገቡ። ብቻቸውን ነበሩ። ረጅም ናቸው፤ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፤ ሴት ስታልፍ ባርኔጣቸውን ከፍ ያደርጋሉ። በየቀኑ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይወጡና ከደረጃችን ሥር ተነስተው እስከ ግቢው በር ድረስ አንገታቸውን ደፍተው በቀስታ ይሄዳሉ። ጎንበስ ይላሉ፣ የሆነ ነገር ያነሳሉ፣ ወገባቸው ላይ በሽቦ ያንጠለጠሏት የወተት ጣሳ ውስጥ ይጥላሉ። ድምፁ እኔ ድረስ ይሰማል። በሩ ጋ ሲደርሱ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ይሉና በሌላ መስመር ይመለሳሉ፣ ልክ እንደሚያርስ ሰው። አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ ደግሞ ባሉበት ይቆማሉ። ቀኝ ጆሯቸውን ወደ ሰማይ ሰጥተው ያዳምጡና ከደረት ኪሳቸው ትንሽ ደብተር አውጥተው ይጽፋሉ።

ልጆች ይወዷቸው ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ወርደው ይከተሏቸዋል። ይበልጥ ያስፈራኝ ይሄ ነው።

አንድ ቀን ዘሐራን፣ «እኚህ ሰውዬ ምን ዓይነት ሰው ናቸው?» አልኳት።

«ሁለት ዳቦና አንድ ሻማ የሚገዙ ሰው ናቸው።»

«ጠዋት ጠዋት ምንድን ነው የሚለቅሙት?»

«ውረጂና ጠይቂያቸዋ! አፍ የላቸውም መሰለሽ?»

አልጠየቅኳቸውም። ልጄን ብቻ፣ «ሁለተኛ እኚህ ሰውዬ አጠገብ እንዳላይሽ» አልኳት።

ያ ሰሞን ሰው ሰውን የሚጠራጠርበት ሰሞን ነበር። አቶ ተሾመ ስብሰባ ጠርተው፣ «ያልተለመደ ነገር ያየ ሰው ጥቆማ ይስጥ፤ የጠቋሚው ስም አይወጣም» ብለውን ነበር። ሌላው እያዛጋ የሰማውን ነገር እኔ ይዤው ቤቴ ገባሁ። በተለይ ስም አይወጣም የምትለዋን።

እንግዲህ ቅዳሜ ጠዋት የልጄን የትምህርት ቤት ቦርሳ ላጥብ ደብተሮቿን ሳወጣ፣ ከሒሳብ ደብተሯ መሃል አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት ወደቀ። ዘረጋሁት። በእርሳስና በማስመሪያ የተሠራ ሥዕል ነው። መሃሉ ላይ ሰፊና ረጅም መንገድ አለ። በአንድ ጎኑ ትልልቅ ቤቶች፣ በሌላው ጎኑ ክብ ክብ ነገሮች አሉ። በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ማማ። ነዳጅ። ጥይት ቤት። የጥበቃ በር። ከሥሩ ቀስትና ቁጥር ነበረበት። እጄ ላይ የነበረው የሳሙና አረፋ ወረቀቱን ሲያረጥበው እንኳ አላስተዋልኩም።

«ቃልዬ፣ ይሄን ማነው የሰጠሽ?»

ቦርሳዋን ወደ ራሷ ሳበች።

«አንቺን እኮ ነው!»

«ጋሼ ደጀኔ ናቸው።»

«ምንድን ነው?»

«የጦር አውሮፕላን ማረፊያ። ድሮ እሳቸው የሠሩበት።»

«ለምንድን ነው ላንቺ የሰጡሽ?»

ከንፈሯን ነከሰች። «አልናገርም። ሚስጥር ነው።»

አንባቢዎቼ፣ እዚህ ላይ አንዲት ጥያቄ ብጨምር ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ ነበር። ሚስጥሩ ከማን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ሚስጥር የሚለው ቃል ከልጄ አፍ መውጣቱ በቃኝ። አንድ ብቸኛ ሽማግሌ ለልጅ ወረቀት ሰጥቶ ሚስጥር ነው ይላታል፤ ወረቀቱ ላይ ጥይት ቤት አለ፤ እሱ ሽቦና ብረት ይለቅማል። ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ተያያዘልኝ። ወረቀቱን ይዤ በነጠላ ጫማ ወደ ሁለተኛ ፎቅ ሮጥኩ።

አቶ ተሾመ ግማሽ ፊታቸውን ተላጭተው ግማሹ አረፋ እንደሆነ በር ከፈቱልኝ። ወረቀቱን አዩት። የተላጨው ግማሽ ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ።

መጀመሪያ ከአፌ የወጣው፣ «ስሜ አይወጣም አይደል?» የሚል ነበር። ስለ ሰውየው ምንም ሳልናገር በፊት።

«አይወጣም፣ የቃልዬ እናት። አንቺ ግቢና ቁጭ በይ።»

ፖሊሶቹ አንድ ሰዓት ሳይሞላ መጡ። ቁጭ ማለት አቅቶኝ ልጄን በእጇ ይዤ ወረድኩ። ጋሽ ደጀኔን ከክፍላቸው አውጥተው ዕቃቸውን ደጅ ላይ በተነጠፈ ላስቲክ ላይ ይደረድሩ ነበር። ሳጅኑ ሦስት ጣሳ ገለበጠ። ሚስማር፣ ቁራጭ ሽቦ፣ ብሎን፣ የሞተ የባትሪ ድንጋይ፣ ምላጭ፣ የጠርሙስ ስባሪ ተዘረገፈ።

አንዱ ከበረንዳ፣ «ኧረ ይሄ ሰውዬ ቦምብ ነው የሚሠራው!» አለ።

ሌላው ቀጠለና፣ «ቁራሌው ናቸው፣ ልቀቋቸው! የኔንም አሮጌ ድስት ይውሰዱልኝ!» ብሎ ሰውን አሳቀ።

«ይሄ ሁሉ ሚስማር ምን ሊሠራልህ ነው?» አለ ሳጅኑ።

«ከደጅ የለቀምኩት ነው» አሉ ጋሽ ደጀኔ። ቀጥ ብለው ነበር የቆሙት፣ እጃቸውን ከሱሪያቸው ስፌት ጋር አጣብቀው።

«ለምን?»

«ልማድ ነው። ጎማ እንዳይወጋ።»

«መኪና አለህ?»

«የለኝም።»

ከላይ ሳቅ ሆነ። ዘሐራ መስፈሪያዋን እያወዛወዘች፣ «ሳጅን፣ አባትህን የሚያክሉ ሰው አንተ ይባላሉ እንዴ? ወላሂ ነውር ነው!» አለች።

«አንቺ ሱቅሽ ግቢ!»

ሳጅኑ ትንሿን ደብተር ገለጠ። ጮክ ብሎ አነበበ፦ «ሁለት ሰዓት ከአሥር፣ ከምሥራቅ፣ ባለ ሁለት ሞተር፣ ደህና። ሦስት ሰዓት፣ ከደቡብ፣ የግራው ያስለዋል።» ቀና አለ። «ይሄን ለማነው የምትልከው?»

«ለማንም። ድምፁን ነው የምጽፈው። ዕድሜዬን ሞተር ሳዳምጥ የኖርኩ መካኒክ ነኝ። ግራ ጆሮዬን የወሰደው እሱ ነው፤ በቀኙ ደግሞ ዛሬም ማዳመጥ አልተውኩም።»

ከዚያ አቶ ተሾመ ወረቀቱን ለሳጅኑ አቀበሉ። ጋሽ ደጀኔ አዩት። በቀኝ በኩል የሳሙና እርጥበት ነበረበት። ያንን ወረቀት የሰጡት በዓለም ላይ ላንዲት ልጅ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከየት እንደመጣ ወዲያው አወቁ። ዓይናቸው ወደ ቃልኪዳን ሄደና ተመለሰ። ወደ እኔ አልመጣም።

«እሱን እኔ ነኝ የሣልኩት» አሉ። «እኔ ወጣት ሳለሁ የነበረው ሜዳ ነው። ማማው ያኔ የእንጨት ነበር። መንግሥት ሲቀየር ከወጣሁ ወዲህ በሩን እንኳ አላየሁም፤ ዛሬ ምን እንደሚመስል አላውቅም።»

«ለማን ሣልከው?»

«ለራሴ።»

ልጄን በጥያቄ ላለማስነካት ዋሹ። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ ዝም አልኩ።

ወጣቷ ፖሊስ ደብተሩን ስታራግፍ ከመሃሉ የጣት ስፋት ያላት፣ ከስንዝር የምትረዝም ቀይ ጨርቅ ወደቀች። ጫፏ ላይ የብረት ቀለበት አላት። ፖሊሷ አነሳቻት። «አባባ፣ ይሄስ ምንድን ነው?»

«የአንድ ልጅ ናት» አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ እጃቸውን ከሱሪያቸው ስፌት አላቀቁ። «እባክሽ እሷን አትጣያት።»

«ጨርቅ ነው፣ ተይው» አለ ሳጅኑ። «ቀበቶህን ፍታና ቁጭ በል።»

ፒካፑ እስኪዞር አፈር ላይ ተቀመጡ። የተተኮሰው ሸሚዛቸው ከጀርባ በኩል ወጥቶ ነበር። ያኔ ነው ቀና ብለው ወደ እኔ ያዩት።

«የቃልዬ እናት፣ ልጅቷን አስገቢያት። ይሄን ባታይ ጥሩ ነው።»

ወሰዷቸው። ሰው ሲበተን ቀይዋ ጨርቅ መሬት ላይ ቀርታ አየኋት። የምን ድግምት እንደሆነች ማን ያውቃል፣ ልጄ እንዳትነካት ብዬ አነሳኋትና መቀነቴ ውስጥ ከተትኳት።

ቤት ስንገባ ቃልኪዳን አልጋው ሥር ገብታ አለቀሰች። ጎትቼ አወጣኋት።

«አንቺ ነሽ!» አለችኝ። «ከቦርሳዬ የወሰድሽው አንቺ ነሽ!»

«ሚስጥር ነው አላልሽኝም? ከማን ነው የምትደብቂው?»

«ካንቺ ነዋ! አጠገባቸው እንዳትደርሺ ስላልሽኝ!»

ከዚያ እያለቀሰች፣ ሥዕሉን ስለ ሜዳው ሲያወሯት እንደሣሉላት ጭምር፣ ሁሉንም ነገረችኝ። እኔ ከመጋረጃዬ ጀርባ ሆኜ በአራት ወር ያላወቅኩትን ልጄ በደንብ ታውቀው ነበር።

የጦር አውሮፕላን ትንሽ ነገር ይገድለዋል፣ አለችኝ። አንድ ሚስማር ጎማውን ቢወጋ፣ አንድ ጠጠር ሞተሩ ውስጥ ቢገባ ይወድቃል። ስለዚህ በዚያ ሜዳ ጎህ ሲቀድ መካኒኩ፣ ሾፌሩ፣ ወጥ ሠሪው ሳይቀር መንደርደሪያው ላይ ትከሻ ለትከሻ ይሰለፋሉ። ፊሽካ ሲነፋ አንገታቸውን ደፍተው ከዳር እስከ ዳር ይሄዳሉ። ያገኙትን በየጣሳቸው ይጥላሉ። መጨረሻ ላይ ጣሳዎቹ ሸራ ላይ ይገለበጣሉ፤ አንዲት ብሎን ከተገኘች ከማን መሣሪያ ሳጥን እንደወደቀች እስኪታወቅ ማንም አውሮፕላን አይነሳም። ከዚያ ነዳጁ ውሃ እንዳይኖርበት በብርጭቆ ተቀድቶ በፀሐይ ይታያል። የእሳት አደጋው መኪና ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል። እንደ ሸሚዝ እጅጌ የተሰፋው ብርቱካናማ ጨርቅ ነፋሱ ወዴት እንደሆነ ያሳያል።

ጋሽ ደጀኔ ሥራ ሲገቡ ሜዳው ገና ግማሹ ሣር ነበር፤ ከመንደርደሪያው ላይ ላም ያባርሩ ነበር። ኋላ አስፋልቱ ረዘመ፣ ማማው በብሎኬት ተሠራ። አስተማሪዎቹ ፈረንጆች ሲቀየሩ የመፍቻው ስም ሁሉ ከእንግሊዝኛ ወደ ሩሲያኛ ተቀየረባቸው። የጠዋቱ ለቀማ ግን አልተቀየረም።

«ቀይዋ ጨርቅስ?» አልኳት።

«አውሮፕላኑ መሬት ላይ ሲሆን እግሩ እንዳይታጠፍ ብረት ይሰካበታል። ብረቱ እንዳይረሳ ቀይ ጨርቅ ይታሰርበታል። ሊበር ሲል ጋሼ ይነቅሉና ጨርቆቹን ከፍ አድርገው ያሳያሉ፤ አብራሪው ከላይ ሆኖ በጣቱ ይቆጥራል። ከዚያ ሰላምታ ይሰጣጣሉ። እስኪመለስ ጋሼ ምሳ አይበሉም።» አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «አንድ ቀን አንዱ ወጣት አብራሪ ለጦርነት ሄዶ አልተመለሰም። ጨርቋ እሳቸው ጋ ቀረች።»

«እናንተ ልጆች ምን ታደርጉ ነበር ከሳቸው ጋር?»

«እንሰለፋለን። እንለቅማለን። ይሄ ሰፈር ሲሠራ ግንበኞቹ ሚስማሩን በትነውት ነው የሄዱት። እናንተ በነጠላ ጫማ ነው የምትሮጡት፣ ስለዚህ እናንተም አውሮፕላን ናችሁ ይሉናል።»

ከረፋዱ አምስት ሰዓት ነበር። ሁሉንም አውቄያለሁ። ፖሊስ ጣቢያው ከቤቴ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው።

አልሄድኩም።

የማፍርበት ነገር ይሄ ነው። ጥቆማ መስጠቴን እናት ስለሆንኩ፣ ስለፈራሁ ይቅር የምትሉኝ ትኖሩ ይሆናል። ያ ቅዳሜ ከአምስት ሰዓት በኋላ ግን የምፈራው ለልጄ አልነበረም። የምፈራው ለራሴ ስም ነበር። በሐሰት ጠቆመች እንዳልባል። ከሰዓት በኋላ አቶ ተሾመ ደረጃ ላይ፣ «አይዞሽ፣ ስምሽ አልወጣም» ሲሉኝ አመሰገንኳቸው። እሑድ ባለቤቴ ከመንገድ ደወለ። «ሰፈር ሰላም ነው?» አለኝ። «ሰላም ነው» አልኩት። እሑድ ሲመሽ ዝናብ ጣለ፤ ሸሚዝ ብቻ ለብሰው እንደሄዱ ትዝ አለኝ። መስኮቱን ዘጋሁ።

ሰኞ ጠዋት ዘሐራ በሬን አንኳኳች። ልጄ ዳቦ ልትገዛ ወርዳ ነግራታለች። እንደወትሮዋ አልሳቀችም።

«አንቺ ነሽ አይደል?»

በሩን ሰፋ አድርጌ ከፈትኩላት።

«እኔ ቅዳሜና እሑድ ምሳ አድርሼላቸዋለሁ። ማን እንደጠቆመ ያውቁ እንደሆን ጠየቅኳቸው። 'አላውቅም፣ ማወቅም አልፈልግም' አሉኝ። አሁን ነጠላሽን ልበሺና ተነሺ።»

ጣቢያ ስንደርስ አልነበሩም። የድሮ መታወቂያቸው ተጣርቶ፣ አንድ አብሯቸው የሠራ ሰውም ቀርቦ ጠዋት ተለቀዋል። እውነት ልናገር፤ ደስ ያለኝ ስለተፈቱ ብቻ አይደለም። መናገር ስላልነበረብኝም ጭምር ነው። ዘሐራ ፊቴን አይታ ገባት መሰለኝ፣ እስከ ሰፈር አላናገረችኝም።

ማክሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መጋረጃው ጋ ነበርኩ። ወጡ። ሸሚዛቸው ተተኩሷል። ጣሳቸውን አንጠልጥለዋል። ልጆቹ አልወረዱም፤ ሁሉም ቤት ወላጅ ከልክሏል። ብቻቸውን አንገታቸውን ደፍተው ከደረጃው ሥር ጀመሩ። ቀይዋን ጨርቅ ከመቀነቴ አውጥቼ ጨብጬ ወረድኩ። የምላቸውን በልቤ እየደጋገምኩ ነበር። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ እኔ ነኝ።» ከዚህ በላይ አልነበረም።

ሁለተኛ ፎቅ ደርሼ ቆምኩ። የጣሳዋ ድምፅ ከታች ይሰማኛል። አንድ በር ተከፈተ፤ ሰው ሊወጣ ነው። ሰው ባለበት እንዴት ብዬ እላቸዋለሁ? ነገ ገና ሳይነጋ ቀድሜያቸው እወርዳለሁ አልኩ። ተመልሼ ወጣሁ።

ረቡዕ ሳይነጋ ወረድኩ። አሥራ ሁለት ተኩል ሆነ። አንድ ሰዓት ሆነ። በራቸውን አንኳኳሁ፣ ተከፈተ፤ አልተቆለፈም ነበር። ክፍሉ ተጠርጓል። ኋላ ዘሐራ እንደነገረችኝ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ዕቃቸውን በባጃጅ ጭነው ሄደዋል። ዘሐራን ተሰናብተዋታል፤ ወዴት እንደሚሄዱ አልነገሯትም። «ልጆቹ ጫማ ሳያደርጉ እንዳይወጡ ንገሪልኝ» ብቻ ነው ያሏት።

አሁን ያ ነገር ካለፈ ብዙ ጊዜ ሆነ። አንድ ቀን ልጄን አስቀምጬ፣ የጠቆምኩት እኔ መሆኔንና አውቄ ዝም ማለቴን ነገርኳት። «አውቃለሁ» አለችኝና ወደ ጥናቷ ተመለሰች። ለባለቤቴ ነገርኩት። እናንተ ጋ የመጣሁት ከሁሉም መጨረሻ ነው።

ጠንቃቃ ነኝ ብዬ ነበር የምኖረው። ሁለቴ የምቆልፈው በር፣ ሁለቴ የማየው ጋዝ። ጋሽ ደጀኔም ጠንቃቃ ነበሩ። እሳቸው ግን ጎንበስ ብለው አደጋውን በእጃቸው ያነሱት ነበር፤ እኔ ከላይ ሆኜ ማየት ብቻ ነበር ሥራዬ። እናቶች፣ ልጃችሁ ሚስጥር ነው ስትላችሁ ፍሩ፤ እኔም ዛሬ እፈራለሁ። ግን አንድ ጥያቄ ጨምሩ። ደረጃም ከወረዳችሁ እስከ ታች ውረዱ።

አሁን ጠዋት ጠዋት እኔ እወርዳለሁ። የወተት ጣሳ ይዤ ከደረጃው እስከ በሩ እሄዳለሁ። አንዳንዴ ቃልኪዳን ከጎኔ ትሰለፋለች። ዝናብ በዘነበ ማግስት ሚስማሩ ከአፈሩ ይወጣል፤ ያን ቀን ጣሳዬ ከባድ ነው።

ጋሽ ደጀኔ ረጅም ናቸው፤ ሸሚዛቸው የተተኮሰ ነው፤ በግራ በኩል ብታናግሯቸው አይሰሙም። በኮዬ ፈጬ ይሁን በአቃቂ በሰቃ፣ ወይም እኔ በማላውቀው ሰፈር፣ ጠዋት አንገታቸውን ደፍተው በመስመር የሚሄዱ፣ አውሮፕላን ሲያልፍ የሚቆሙ ሽማግሌ ያየ ሰው ካለ፣ ቀይዋ ጨርቅ ገላን፣ የቃልዬ እናት ጋ እንዳለች ይንገርልኝ። የት እንዳሉ ባይነግሩኝም ግድ የለም። ደህና መሆናቸውን ብቻ አሳውቁኝ።